መልስ፦ ጎረቤቶቼ ከገጠር ያመጧትን ልጅ ይደበድቧታል፣ ለማን ልንገር?

እህቴ በሽምግልና አትጀምሪው፣ በር ዘግተው ይብስባታል። አሁን እየተመታች ከሆነ ፖሊስ 991 ላይ ደውይ፣ ካልሆነ ወረዳው ሴቶችና ህፃናት ቢሮ ወይ ፖሊስ ጣቢያ የህፃናት ክፍል ሂጂና ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፣ ቀኑን ሰዓቱን ጠባሳው የቱ ክንዷ ላይ እንደሆነ፣ "ይመስለኛል" ካበዛሽ ፋይሉ እዛው ይተኛል (ፎቶዋን ደሞ ቲክቶክ ላይ እንዳትለቂ በናትሽ)። "ልቀጣት ነው" ቢሉ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 576 መደብደብ ብቻ ሳይሆን ከአቅሟ በላይ ማሰራትንም በወንጀልነት ይዟል። ማሳደጊያ ይጥሏታል ብለሽ ከፈራሽ፣ እሱ የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ መጀመሪያ ቤተሰቧን ነው የሚያፈላልጉት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም አዲስ አበባ ልደታ ፍርድ ቤት ለህፃናት ለብቻ ክፍል አለ፣ በካሜራ ነው ቃሏን የምትሰጠው፣ ከደብዳቢዎቿ ጋር አይን ለአይን አትተያይም።