የቲማቲም፣ የቺዝና የበሶብላ ዳቦ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ለሚቀርባችሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ቺዙ ከላይ ጠቁሮ፣ ከቲማቲሙ ሥር ያለው ሊጥ ሳይበስል ቀርቶ፣ በሶብላውም ከስሎ እንደወጣ ጽፈሽ «ሙቀቱን ልቀንስ ወይስ ልጨምር?» ብለሻል። ማታ አቡክቶ ማሳደር ይቻል እንደሆነም ጠይቀሻል፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ሙቀቱን አትንኪው። 220 ዲግሪ ለዚህ ዳቦ ልክ ነው። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሊጡም ቺዙም ቲማቲሙም በሶብላውም አብረው ገብተው አብረው ወጡ። ሊጡ ለመብሰል 25 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ቺዙ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። በሶብላው እሳት ጭራሽ አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ቲማቲም ከክብደቱ 94 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ጥሬው ሊጥ ላይ ስትደረድሪው ውሃው ወደ ሊጡ ይወርዳል፣ ከላይ ደግሞ የሊጡን እንፋሎት አፍኖ ይይዘዋል። ቺዙ እያረረ መሃሉ ጥሬ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መጠኑ ይኸውልሽ፤ 23 በ33 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጠርዝ ያለው የኦቨን ትሪ የሚበቃ ነው። 500 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 330 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 7 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ፣ 8 ግራም ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት። ሊጡ ውስጥ የሚገባ 60 ግራም በደቃቁ የተፈቀፈቀ ደረቅ ቺዝ፣ ለምሳሌ ፓርሜዛን። ለላዩ 200 ግራም ሞዛሬላ ቺዝ፣ 400 ግራም ያህል ጠንከር ያለ የበሰለ ቲማቲም፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 20 የሚሆን ትኩስ የበሶብላ ቅጠል። ለዚህ መጠን ዱቄት የተለመደው ጨው 10 ግራም ነበር፤ ቺዙም ቲማቲሙም ጨው ይዘው ስለሚመጡ ነው የቀነስኩት። ከቻልሽ ሁሉንም በሚዛን ለኪ። ዱቄት በኩባያ ሲለካ እንደ አጠቃጠቁ በጣም ይለያያል፣ ከዚያ በኋላ «ሊጡ ቀጠነብኝ» ወይም «ደረቀብኝ» የሚለው ጥያቄ መልስ አይኖረውም።

ውሃው እጅሽን ስታስገቢበት ለብ ማለት አለበት እንጂ ማቃጠል የለበትም፤ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ማለት ነው። እርሾ 55 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መሞት ይጀምራል፣ ብዙ «አልነፋ ያለ» ሊጥ ምክንያቱ የሞቀ ውሃ ነው። ያለሽ እርሾ ትልልቅ ፍሬ ያለውና በውሃ መንቃት የሚፈልገው ዓይነት ከሆነ ከስኳሩ ጋር በከፊሉ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ተዪው። አረፋ ካልሠራ ሌላ እርሾ ፈልጊ፣ ዱቄቱን አታባክኚ። እርጥብ እርሾ ከሆነ 20 ግራም ያህል ተጠቀሚ።

ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ስኳሩንና ውሃውን ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አደባልቀሽ ሸፍነሽ 15 ደቂቃ ተዪው። ይህችን ዕረፍት አትዝለያት፤ ዱቄቱ ውሃውን ሲጠጣ የማቡካቱ ሥራ በግማሽ ይቀልልሻል። ከዚያ ጨውና ዘይቱን ጨምረሽ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አቡኪ። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ መጣበቅም አለበት። ዱቄት መነስነስ አትጀምሪ፣ እጅሽን ዘይት ቀቢ። ከሊጡ ትንሽ ቆንጥረሽ በጣትሽ ስትወጥሪው ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሲሳሳ በቅቶታል ማለት ነው። ደረቁን ቺዝ በመጨረሻ፣ ሊጡ ከጠነከረ በኋላ ጨምሪው። ቀድሞ ከገባ ስቡ ዱቄቱን ይሸፍነውና ሊጡ ቶሎ አይጠነክርም። ሞዛሬላ ግን ሊጡ ውስጥ አታስገቢ፤ እርጥበቱ መሃሉን ያላቁጠዋል።

ሸፍነሽ መጠኑ እጥፍ እስኪሆን ተዪው። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ተመልከቺ። ከፍታ ቦታ የምትኖሩ እርሾውን በሩብ ቀንሱ፣ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ከልክ በላይ የነፋ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ይወርዳል፣ ዳቦውም ይሻክራል።

ሊጡ ኩፍ እስኪል ቲማቲሙን አዘጋጂ። እኔ ከሁሉ በላይ ጊዜ እንድትሰጪው የምፈልገው ይህን ሥራ ነው፤ ችግርሽ ግማሹ እዚህ ያልቃል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርገሽ ቁረጪው። ዘሩን ከነዝልግልጉ በጣትሽ ገፍተሽ አውጪ፤ ነፃ ሆኖ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ያለው እዚያ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰሽ ወንፊት ላይ ለ30 ደቂቃ አስቀምጪው። ጨው ውሃውን ከሥጋው ስቦ ያወጣዋል፣ ሥሩ ላይ ሳህን ብታደርጊ ምን ያህል እንደሚጠራቀም ታያለሽ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወጥ ቤት ወረቀት ላዩንም ሥሩንም ጠፍ ጠፍ አድርገሽ አድርቂው። ትንንሾቹ ቲማቲሞች ካሉሽ ለሁለት ከፍለሽ የተቆረጠው ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጫቸው፤ ውሃቸው ወደ ላይ እየተነነ ይወጣል እንጂ ወደ ሊጡ አይወርድም። የታሸገ የቲማቲም ድልህ ለዚህ ዳቦ አልመክርም፤ ይከብዳል፣ የበሶብላውንም ሽታ ይውጠዋል።

ሞዛሬላው ሁለት ዓይነት ነው። ጠንከር ብሎ በላስቲክ የታሸገው ውሃው አነስ ያለ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይሻላል፤ ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ሳይሞቅ ፈቅፍቂው። ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚሸጠው ለስላሳው ከሆነ ግን በእጅሽ ቆራርሰሽ ወረቀት ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አንጥፊው፤ አለዚያ ዳቦሽ ላይ ኩሬ ይሠራል። ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ስለሚነሰነስበት እኩል አይቀልጥም፤ ራስሽ ብትፈቀፍቂው ልዩነቱ ይታያል። በሞዛሬላ ፋንታ ደረቅ ቺዝ ብቻ መጠቀም ግን አያዋጣም፤ ዘይቱን ይተፋና ይደርቃል።

ሊጡ እጥፍ ሲሆን ትሪውን በሌላ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀብተሽ ገልብጪውና በጣትሽ ጫፍ ወደ ጠርዙ ዘርጊው። እየተሰበሰበ ካስቸገረሽ አትታገይው፣ 10 ደቂቃ ስትተዪው ራሱ ይላላል። ሸፍነሽ እንደገና ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይነፋ። ኦቨኑን አሁኑኑ 220 ዲግሪ ላይ ለኩሺ፤ መብራቱ «ሞቋል» ቢልሽም ግድግዳው እስኪግል 25 ደቂቃ ስጪው። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 200 ይበቃል።

ነጭ ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፈሽ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ቀላቅዪና ሊጡን ቅቢው፤ ከዚያ ጣቶችሽን ዘይት ነክረሽ እስከ ትሪው ወለል ድረስ እየወጋሽ ጎድጎድ ጎድጎድ አድርጊው። ይህ ለጌጥ አይደለም። ትልልቅ የአየር ከረጢቶችን ስለሚያፈነዳ ዳቦው መሃል ላይ አብጦ ቺዙን ወደ ጎን አያንሸራትተውም።

አሁን ያለ ቺዝ፣ ያለ ቲማቲም፣ ባዶውን ከኦቨኑ ታችኛው እርከን ላይ አስገቢው። ከ12 እስከ 14 ደቂቃ በኋላ ላዩ ደርቆ፣ ገና ነጣ ብሎ፣ መሃሉን ስትጫኚው መልሶ ሲነሳ አውጪው። ከቺዙ ሁለት ሦስተኛውን በትኚ፣ ቲማቲሙን ሳይነባበር ደርድሪ፣ የቀረውን ቺዝ በቲማቲሞቹ መካከል ብቻ ነስንሺ። ቲማቲሙ ከቺዙ በላይ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ከላይ ሆኖ ውሃው ይተናል፣ ከሥሩ ያለው ቺዝም ዳቦውን ከእርጥበቱ ይከልለዋል። ከቺዝ በታች ከሆነ ግን ይቀቀላል። ወደ ኦቨኑ መካከለኛ እርከን መልሺውና ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይቆይ። ቺዙ ቀልጦ እዚህም እዚያም ቡናማ ነጥብ ሲያወጣ፣ የዳቦው ጠርዝም ከትሪው ሲላቀቅ በስሏል።

ቴርሞሜትር የምትጠቀሙ መሃሉን ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ጠብቁ የሚል ታነባላችሁ። ይህ ለዝቅተኛ ቦታ ነው። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ዳቦው ያን ቁጥር ሳይደርስ ይደርቃል፤ እዚያ 90 ገደማ ሲል አውጡት።

እሳቱ ከታች ብቻ የሆነ የጋዝ ኦቨን ካለሽ ሥሩ ሲያር ላዩ ነጭ ይቀራል። ትሪውን ሌላ ትሪ ላይ ደርቢው፣ ሁለተኛውን ዙር ደግሞ ከላይኛው እርከን ላይ አድርጊ። በተቃራኒው ሥሩ የሚነጣብሽ ከሆነ አንድ ወፍራም ትሪ ኦቨኑ ውስጥ አብረሽ አግለሽ የዳቦውን ትሪ እሱ ላይ አስቀምጪ።

በሶብላው የሚገባው ዳቦው ወጥቶ 2 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ነው። መዓዛውን የሚሰጠው ዘይት ቶሎ የሚተን ስለሆነ 220 ዲግሪ ውስጥ ደቂቃዎች አይቆይም፣ የሚቀርልሽ መራራ ጥቁር ቅጠል ብቻ ነው። ቅጠሉን በእጅሽ ቀደድ ቀደድ አድርገሽ በትኚው፤ በደነዘዘ ቢላ ከተቆረጠ ጠርዙ ይጠቁራል። የዳቦው ሙቀት ሽታውን ለማውጣት ይበቃል። ውስጡም ጣዕሙ ይኑር ካልሽ 5 ወይም 6 ቅጠል ከትፈሽ በዘይት ለውሰሽ ከቺዙ ሥር ቅበሪው፤ ዘይቱና ቺዙ ከማረር ይጠብቁታል። በሶብላን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪ፣ ቅዝቃዜ ያጠቁረዋል። ግንዱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁመሽ ወጥ ቤት ውስጥ ተዪው።

ከትሪው በ5 ደቂቃ ውስጥ አውጥተሽ ሽቦ ላይ አሳርፊው፤ ትሪው ውስጥ ከቆየ የራሱ እንፋሎት ሥሩን ያለሰልሰዋል። ለመቁረጥ 15 ደቂቃ ታገሺ። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ እስከ 3 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ በ180 ዲግሪ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ማይክሮዌቭ ግን ዳቦውን ላስቲክ ያደርገዋል።

ማታ ማቡካት ላልሽው፦ ይቻላል፣ እንዲያውም ጣዕሙ ይበልጣል። እርሾውን ወደ 3 ግራም፣ ማለትም ወደ 1 የሻይ ማንኪያ ቀንሺ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። አቡክተሽ ዘይት በተቀባ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሰዓት አሳድሪው። ዕቃው የሊጡን ሦስት እጥፍ የሚይዝ ይሁን። በማግስቱ በቀጥታ የተቀባው ትሪ ላይ ገልብጠሽ፣ ሸፍነሽ፣ ቅዝቃዜው ወጥቶ እስኪነፋ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ጠብቂ። መሃሉን ስትነኪው አሁንም ከቀዘቀዘ አትጋግሪው፣ የመጀመሪያው 12 ደቂቃ አይበቃውም። ቲማቲሙን ግን ማታ አትቁረጪ፤ ጨው የነካው ቲማቲም አድሮ ይልመጠመጣል፣ ጠዋት ሊጡ እስኪሞቅ ባለው ጊዜ ይደርሳል።