ካቴናው ተቀይሮ ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደብረ ማርቆስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የተሠራች፣ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ቶዮታ ያሪስ አለችኝ። ማለዳ ስትነሳ ከሞተሩ ጎን የብረት ድምፅ ይሰማ ስለነበር፣ የታይሚንግ ካቴናውን (የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቶቹን ዙር የሚያስተባብረውን ሰንሰለት) ከእህቴ ልጅ ጋር ሆነን በግቢያችን ቀየርነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ይነሳል፤ ነገር ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳምንት ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ጉልበት አጥቶ አብዛኛውን ዳገት የወጣሁት በአንደኛ ማርሽ ነው። የሞተሩ መብራት በርቷል፤ ኮድ የሚያነበው መሣሪያም ፒ0016 የሚል ቁጥር አሳይቷል። አንድ መካኒክ የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቱን ሴንሰሮች እንድቀይር መክሮኛል። ልቀይራቸው?

መልስ፦ አሁን አይቀይሩ። ሞተሩንም ካቴናው እስኪታይ ድረስ እንደገና አያስነሱት። ያን ዳገት በዚህ ሁኔታ መውጣትዎ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እገልጻለሁ።

ፒ0016 የሚወጣው ኮምፒውተሩ የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እና የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አቀማመጥ እርስ በርስ እንዳልተገጣጠመ ሲረዳ ነው። ይህን ሊረዳ የሚችለው ደግሞ ሁለቱም ሴንሰሮች ምልክት እየላኩለት ከሆነ ነው፤ የአንዳቸው ምልክት ቢጠፋ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ፒ0335 ወይም ፒ0340 ነበር። ኮዱ የወጣው ካቴናው በተነካ ማግስት መሆኑ ሲታከልበት፣ ካቴናው አንድ ጥርስ ስቶ ተገጥሟል ብሎ መጠርጠር ከሁሉ ይቀድማል።

አንድ ጥርስ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የክራንክሻፍቱ ማርሽ 18 ጥርስ ቢኖረው፣ አንድ ጥርስ መሳት ማለት 20 ዲግሪ ነው። ቫልቮቹ በዚያ መጠን ዘግይተው ወይም ቀድመው ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ሲሊንደሩ መታመቅ የሚገባውን አየር በሙሉ ሳይዝ ይቀራል፤ የሚኒሞው መንቀጥቀጥም የዳገቱ ድካምም የሚመጡት ከዚሁ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተኑና ቫልቩ በተለያየ ጊዜ የሚደርሱበት የጋራ ቦታ ስላለ፣ ካቴናው ተጨማሪ ጥርሶች ቢዘል ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ፍተሻው ከላይ ይጀምራል። ካንዴላዎቹን ያውጡና የቴስታታውን ክዳን ያንሱ። ከዚያ የክራንክሻፍቱን ፑሌጃ ቡሎን በመፍቻ ይዘው፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ቀስ ብለው በማዞር የፑሌጃውን ምልክት በፊት ክዳኑ ላይ ካለው የዜሮ ምልክት ጋር ያስተካክሉ። በመዞር ላይ ሳለ እንደ ብረት ደርቆ እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ ቫልቭና ፒስተን ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ዜሮው ላይ ሲደርስ የሁለቱ ካምሻፍቶች ምልክቶች የፋብሪካው መጽሐፍ በሚያሳየው ቦታ መሆን አለባቸው። ፈጽሞ በሌላ አቅጣጫ ከሆኑ አይደንግጡ፤ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ የሚዞረው አንድ ጊዜ ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጨምረው እንደገና ይመልከቱ። በካቴናው ላይ ያሉት ባለ ቀለም ዘለበቶች ግን ሞተሩ ከዞረ በኋላ ከምልክቶቹ ጋር ባይገጥሙ ስሕተት አይደለም። የሚያገለግሉት ለገጠማ ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙዎች ይህን ባለማወቅ ትክክለኛውን ገጠማ ያፈርሱታል።

ምልክቶቹ ስተው ከተገኙ መንሥኤው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ ተንሺነሩ (ካቴናውን ገፍቶ የሚወጥረው ዕቃ) በማይገፋው በኩል ያለው ካቴና ረግቦ እያለ ተንሺነሩ ተለቆ፣ ካምሻፍቱ በቫልቭ ሞላዎች ግፊት ትንሽ መዞሩ ነው። ሁለተኛው፣ የመግቢያ ቫልቮቹን ጊዜ የሚያስቀድመውና የሚያዘገየው በዘይት ግፊት የሚሠራው የካምሻፍት ማርሽ፣ ወደ መጨረሻው የዘገየ ቦታው ተመልሶ ሳይቆለፍ ምልክቱ መያዙ ነው። ማርሹን በእጅ ሲሞክሩት ከካምሻፍቱ ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልተቆለፈም።

የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ ካገኙ አራቱንም ሲሊንደሮች ይለኩ። አራቱም በእኩል ዝቅ ካሉ ጥፋቱ የካቴናው አገጣጠም ነው፤ አንዱ ብቻ ተለይቶ ከወደቀ ግን የተጣመመ ቫልቭ ይጠርጥሩ። እዚህ ላይ የእኛን አገር ከፍታ መርሳት አይገባም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ መጽሐፉ 15 ባር ቢል በእርስዎ ግቢ ጤነኛው ሞተር 11 ከምናምን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ።

ለማስተካከል የፊት ክዳኑ መነሣቱ አይቀርም። በቀኝ በኩል ያለው የሞተር ተሸካሚ ስለሚፈታ፣ ሞተሩን ከሥሩ በክሪክና በወፍራም ጣውላ ደግፉት፤ ክሪኩን በቀጥታ በዘይት መያዣው ላይ አታሳርፉት። ካቴናው ብቻውን ተቀይሮ ከሆነ ተንሺነሩንና ካቴናው የሚንሸራተትባቸውን መደገፊያዎች፣ ማርሾቹም ተበልተው ከሆነ እነርሱን አብሮ መቀየር ይሻላል፤ አሮጌ ተንሺነር አዲስ ካቴናን አያከብርም። የድሮውን ሲሊኮን ሙልጭ አድርገው ጠርገው አዲሱን ከቀቡ በኋላ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ይጠብቁ። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቶቹን እንደገና ያረጋግጡ።

የዘይት ፓምፑ የሚገኘው በዚሁ የፊት ክዳን ውስጥ ስለሆነ ከሥራው በኋላ ባዶውን ይቀራል። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ካደረጉ በኋላ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅለው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በየመሀሉ እያሳረፉ ሞተሩን በሞተሪኖ ያዙሩት። በመጀመሪያው አነሣስ ለጥቂት ሰከንድ ድምፅ ቢሰማ ተንሺነሩ በዘይት እስኪሞላ ነው። በየማለዳው ከተደጋገመ ግን ተንሺነሩ አልተለቀቀም ወይም ግፊት አይዝም።

ኮዱን ሰርዘው ይንዱት። በምትኩ ፒ0011 ወይም ፒ0012 (ካምሻፍቱ ከሚገባው በላይ ቀድሟል ወይም ዘግይቷል የሚሉት ኮዶች) ከመጣ፣ ወደ ካምሻፍቱ ማርሽ ዘይት የሚመራውን ቫልቭና ትንሿን ወንፊቱን አውጥተው ያጽዱ፤ በሥራው ጊዜ የወደቀ የሲሊኮን ቅንጣት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።