አጽሙ የተገኘበት ዓለት በእርግጥ አለ

በአሜሪካዊው ደራሲ በቶኒ ሂለርማን የወንጀል ልብ ወለድ የተራራ ወጪው አጽም የተገኘበት ዓለት በእርግጥ አለ ወይ ለምትል፣ አዎ፣ ፈጠራ አይደለም። ሺፕሮክ ይባላል፤ በኒው ሜክሲኮ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ከሜዳው 480 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። የአካባቢው ነባር አሜሪካዊ ሕዝብ የሆኑት ናቫሆዎች «ክንፍ ያለው ዓለት» ይሉታል። ቅዱስ ስፍራቸው ስለሆነ መውጣት ክልክል ነው፤ ከመንገዱ ሆነህ ተመልከተው፣ ያም ቢሆን ያስደነግጣል።

የልብ ወለዱ መርማሪ ፖሊስ የሊፕሆርን አለቆች ያሉበት ዊንዶው ሮክም በአሪዞና ያለ እውነተኛ ከተማ ነው፣ የናቫሆ መንግሥት መቀመጫ።

ሰዓትህን ግን ጠብቅ። በሞቃቱ ወራት ናቫሆዎች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ የተቀረው አሪዞና አይነካውም። እኔ ከናቫሆ ምድር ውጭ ባለችው የአሪዞና ከተማ ፔጅ አድሬ፣ በናቫሆ ምድር ያለው ሸለቆ ካንየን ደ ሼይ ስደርስ አስጎብኚዬ ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል።