ጭንቀት፣ የቤተሰብ ለውጥና በኢንተርኔት የሚሰጥ ምክር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነኝ፤ ከደንበኞቼ ጋር በአብዛኛው የምገናኘው በቪዲዮና በስልክ ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በስክሪን ብቻ የሚሰጥ ምክር እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው፣ አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚፈትሸው የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ለጭንቀት በባለሙያ ክትትል በኢንተርኔት ሲሰጥ ውጤቱ ፊት ለፊት ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ እንደሆነ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። «በባለሙያ ክትትል» የሚለውን ግን አትዝለሉት። ሰውን ከመተግበሪያ ጋር ብቻውን የሚተዉ አገልግሎቶችን ብዙዎች ጀምረው ያቋርጧቸዋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ጠባብ ነው፤ ቤተሰቤ እንዳይሰማኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሰው የሚሰማው የመሰለው ደንበኛ ዋናውን ነገር አያወጣም። የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ካልሆነም ከቤት ወጥተው በእግር እየሄዱ በስልክ ያውሩ። ከአማካሪዎ ጋር የምልክት ቃል ይስማሙ። አንዲት ደንበኛዬ ሰው ሲገባባት «የቀጠሮውን ሰዓት ልየው» ትላለች፤ እኔም ወዲያው ወሬውን እቀይራለሁ። የሚፈሩት ሰው የሚጎዳዎትና ስልክዎን የሚፈትሽ ከሆነ ግን በዚያ ስልክ ቀጠሮ አይያዙ። ሌላ ስልክ ወይም በአካል መገናኘት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልቤ በድንገት ይመታል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ሐኪሞች ልቤን መርምረው ጤነኛ ነው አሉኝ።

መልስ፦ አስቀድመው መመርመርዎ ትክክል ነው። የገለጹት ፓኒክ የሚባለውን ድንገተኛ ፍርሃት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ በደማችን ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ መደንዘዙና ማዞሩ ከዚያ ይመጣል። ችግሩን የሚያከርመው ሽሽቱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ፍርሃቱ የያዘው ሰው ወደዚያ ቦታ መሄድ ይተዋል፤ ቀጥሎ ሌላውን፤ እያደር ዓለሙ ይጠብበታል። ስለዚህ ሐኪም ከፈቀደ፣ ካሜራው እንደተከፈተ ደንበኛዬ ለአንድ ደቂቃ ባለበት እንዲሮጥ አደርጋለሁ። ልቡ ይመታል፤ አብረን ቁጭ ብለን እስኪረጋጋ እንጠብቃለን። የልብ ምት አደጋ አለመሆኑን ሰውነቱ የሚማረው እንዲህ ነው፤ ምክር ብቻውን አያስተምረውም።

ጥያቄ፦ ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ደስ ሊለኝ ሲገባ እጨነቃለሁ። ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው?

መልስ፦ አይደለሽም እህቴ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሆልምስና ራሄ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 የሕይወት ለውጦችን በሚያስከትሉት ጫና ሲመዝኑ፣ ፍቺ 73፣ ጋብቻ 50፣ አዲስ የቤተሰብ አባል ማግኘት ደግሞ 39 ነጥብ አግኝተዋል። አስደሳች ለውጥም ሸክም አለው። ስሜቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለሐኪምሽ ንገሪ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂጂ፤ ብቻሽንም አትሁኚ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ልንፋታ ነው። ለ5 ዓመት ልጃችን ምን እንበላት?

መልስ፦ ከተቻለ ሁለታችሁም አብራችሁ፣ አንዳችሁ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ንገሯት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ስለዚህ «ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ሁለታችንም እንወድሻለን» በሏት። የፍቺውን ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። እርሷ ማወቅ የምትፈልገው የት እንደምትተኛ፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሳት፣ አሻንጉሊቷ የት እንደሚቀመጥ ነው። ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ሳትሰለቹ ያንኑ መልስ ስጧት። መልእክተኛ አታድርጓት፤ «ለአባትሽ እንዲህ በይው» የሚለው ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። ልጆችን በጣም የሚጎዳው በወላጆች መካከል የሚቀጥለው ጠብ ነው። እዚህ ላይ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ምክር አስበልጣለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቃታቸው ወላጆች ከየቤታቸው ሆነው ስለ ልጃቸው ሲስማሙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አማካሪው እውነተኛ ባለሙያ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቀው ፈቃዱን ከሰጠው አካል ያረጋግጡ። ጠንቃቃ ባለሙያ ገና ከጅምሩ አሁን የት እንዳሉና በአደጋ ጊዜ ለማን እንደሚደወል ይጠይቅዎታል፤ አይቀየሙት፣ ያለዚያ እርዳታ ሊልክልዎ አይችልም። ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ሕፃን ሲጎዳ ምስጢር ለመጠበቅ እንደማይገደድም አስቀድሞ ይነግርዎታል። በዚህን ያህል ቀን አድንሃለሁ የሚለውን ይተዉት።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ይጽፉልኛል?

መልስ፦ አልጽፍም፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው። የጀመሩት መድኃኒት ካለ ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቁሙ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ተገናኘን፤ ለውጥ የለም። ላቁም?

መልስ፦ ገና ነው፤ ነገር ግን ዝም አይበሉ፣ ለአማካሪዎ ይንገሩት። ጭንቀትን የሚለካ 7 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ይደርሳል። በየጥቂት ሳምንቱ እንዲያስሞላዎት ይጠይቁትና ቁጥሩን አብራችሁ ተመልከቱ። ከስድስትና ከሰባት ቀጠሮ በኋላም ካልወረደ ዘዴውን እንዲቀይር ይጠይቁት፤ ካልሆነም ሌላ አማካሪ ይፈልጉ።