መልስ፦ ለደደረ ወጣ ገባ መሬት የትኛው የትራክተር መሣሪያ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። አዳማ ዳር ያለው ግቢህ መኪና ሲመላለስበት ደድሯል፣ ወጣ ገባም ሆኗል። ከትራክተሩ ኋላ የሚገጠም ተራ ምላጭ ይበቃኛል ወይ ነው ያልከው። አይበቃህም። ምላጭ የላላ አፈር ይገፋል እንጂ የደደረውን አይፈነቅልም። ትራክተሩ ጉብታ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ምላጩም አብሮት ስለሚወዛወዝ ሌላ ጉብታ ሠርቶልህ ይሄዳል።

እኔ ብሆን ጥርስ ያለው የሳጥን ምላጭ ነው የምፈልገው። ጥርሶቹ ከፊት ይፈነቅላሉ፣ ሳጥኑ አፈሩን ከጉብታው ሰብስቦ ጎድጓዳው ላይ ያራግፋል። መጀመሪያ ጥርሱን አውርደህ በቁመት ሂድ፣ ከዚያ በአግድም ድገመው። ለማስተካከሉ ጥርሱን አንሳ። ስፋቱ የኋላ ጎማዎቹን ዳር እስከ ዳር ይሸፍን፤ አለዚያ ያስተካከልከውን መልሶ ጎማው ይረግጠዋል።

እሱን ካጣህ ሪፐር (ደረቅ መሬት የሚሰነጥቅ ባለ ጥርስ መሣሪያ) ተከራይተህ አስፈንቅለውና ከዚያ በተራ ምላጭህ ግፋው። ዲስክ ማረሻም ይሆናል፣ ግን ፈር ትቶ ስለሚሄድ መከስከሻ (ጓል የሚሰባብር መሣሪያ) ይከተለዋል።

ጊዜውን አደራ! ዝናብ ጥሎ ጥቂት ቀን ሲጠፍ፣ አፈሩ ስትጨብጠው ተያይዞ ስትነካው ሲፈረፈር ጀምር። ጭቃውን ከነካኸው ይብሳል። በደረቅ በጋ ከሆነ ደግሞ የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፣ አቧራው ጎረቤት ያጣላሃል።