ፎርሙላውን ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በኬሚስትነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን የ12ኛ ክፍል ልጆች ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሲከብዳቸው ደብተራቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ደብተሩ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ፎርሙላ በፎርሙላ። በቀይ የተሰመረበት፣ በሳጥን የታጠረ፣ ከቴሌግራም የተገለበጠ። «ይሄኛው መቼ ነው የሚሠራው?» ስላቸው ግን ፀጥ ይላሉ።

የኢንትራንስ ጥያቄ አውጪ ይህን ፀጥታ በደንብ ያውቀዋል። ፎርሙላውን መሸምደዳችሁን አይጠራጠርም። ስለዚህ ሽምደዳው በማያዋጣበት በኩል ይመጣባችኋል።

ኳስ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ወረወራችሁ እንበል። ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ዜሮ ነው። አክስለሬሽኗስ፣ ማለትም ፍጥነቷ በየሴኮንዱ የሚለወጥበት መጠንስ? ብዙው ልጅ ሳያስብ «ዜሮ» ይላል። ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር። ስትወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ስትወርድም አክስለሬሽኗ ያው 9.8 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ነው፣ አቅጣጫውም ወደ ታች።

የኒውተን ሦስተኛ ሕግም፣ ለእያንዳንዱ ኃይል (አክሽን) እኩልና ተቃራኒ ምላሽ (ሪአክሽን) አለው የሚለው፣ እንዲሁ ያታልላል። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የክብደቱ ሪአክሽን የቱ ነው? «ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል» የሚለውን ካጠቆራችሁ ተሸወዳችሁ። ክብደት ማለት መሬት መጽሐፉን መሳቧ ነው። ጥንዱ ደግሞ መጽሐፉ መሬትን መሳቡ ነው። አክሽንና ሪአክሽን መቼም አንድ አካል ላይ አያርፉም። ካላመናችሁኝ ጠረጴዛውን ሊፍት ውስጥ አስገቡት። ሊፍቱ ወደ ላይ እየፈጠነ ሲሄድ ጠረጴዛው የሚገፋበት ኃይል ከክብደቱ ይበልጣል። ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ እኩልነታቸው አይፈርስም ነበር።

አሁን ወደ ሞያዬ ልምጣ። ሞልን ሳይጨብጡ ኬሚስትሪ እፈተናለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ሞል ቁጥር ነው፣ ልክ እንደ ደርዘን። ልዩነቱ ደርዘን 12 ሲሆን ሞል 6.02 × 10²³ መሆኑ ብቻ ነው። አንድ ጉንጭ የማይሞላ ውሃ፣ 18 ግራም፣ ይህን ያህል ሞለኪውል አለው። አተሞች የሚዋሃዱት በቁጥር ነው፣ ሚዛኑ ደግሞ የሚነግረን ግራም ነው። ሞል ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረናል።

እስቲ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር አቃጥለን ውሃ እንሥራ። ስንት ግራም ውሃ ይወጣል? አንዱ ልጅ ደምሮ 20 ይላል። ሌላው «ሃይድሮጅን ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል» ብሎ በ4 ግራሙ ያሰላና 36 ያወጣል። ከ20 ግራም ዕቃ 36 ግራም ውሃ! ይህን አይቶ የማይደነግጥ ተማሪ ያስደነግጠኛል። ወደ ሞል ቀይሩት። 4 ግራም ሃይድሮጅን 2 ሞል ነው፣ 16 ግራም ኦክስጅን ግን ግማሽ ሞል ብቻ። አንድ ሞል ኦክስጅን ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ግማሹ ሞል አንድ ሞል ሃይድሮጅን ይዞ ያልቃል፣ አንድ ሞል ውሃ፣ ማለትም 18 ግራም ይወጣል። 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። 18 ሲደመር 2፣ ሃያ። መጀመሪያ ካስገባነው ጋር ገጠመ። ይህን ማመሳከር የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው፣ የሚያደርገው ልጅ ግን እምብዛም አላየሁም።

ፊዚክስ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራላችሁ ዩኒት ነው። በሴኮንድ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ከ130 ሜትር ከፍታ ይወርዳል እንበል። 1000 ኪሎ ግራሙን በ10 (በስበት አክስለሬሽኑ) እና በ130 ስናባዛው 1.3 ሚሊዮን ጁል፣ ያውም በየሴኮንዱ። ጁል በሴኮንድ ዋት ነው፣ ስለዚህ 1.3 ሜጋዋት። ብክነቱን ለጊዜው ተዉት። ህዳሴ ግድብ ላይ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ተርባይን 375 ሜጋዋት ነው። በሴኮንድ ስንት ኪዩቢክ ሜትር ውሃ እንደሚጠጣ አሁን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። 9.8ን 10 አድርጌ መያዜንም ልብ በሉ። በእጅ ሲሰላ እንዲህ ማቅለል ነውር የለውም፣ ምርጫዎቹ ተቀራርበው ካልተቀመጡ በስተቀር።

ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? «100» ካላችሁ የባሕር ወለል ላይ ናችሁ። አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ሳስቷል። እናቶቻችን ባቄላው አልበስል ሲላቸው ፕሬዠር ኩከር የሚያወጡት ለዚሁ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ እዚያ ከ100 ትንሽ ያልፋል።

ሬዶክስ፣ ማለትም ኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል፣ ሲመጣ ደግሞ ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩ። የጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ቢጫር እንኳ ብረቱ ቶሎ አይዝግም። ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቸኩላል፣ እና ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። በቲን የተለበጠ የምግብ ጣሳ ግን ተቃራኒ ነው። ቲን ከብረት ያነሰ ስለሚሰጥ፣ ልባጡ ከተጫረ ኤሌክትሮን ሰጪው ብረቱ ይሆናል፣ ዝገቱም ይፋጠናል። ይህን የገባው ልጅ «አኖዱ (ኤሌክትሮን ሰጪው) የቱ ነው?» ሲባል ሰንጠረዥ ፍለጋ አይዳክርም።

አጠናን ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ። ከማጥቆራችሁ በፊት ግን ነገሩን ቤት በምትናገሩበት ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይሁን፣ ለታናሽ እህታችሁ አስረዷት። «እንዴት?» ብላ ስትጠይቃችሁ የተደናቀፋችሁበት ቦታ፣ ማታ መልሳችሁ የምታነቡት ገጽ እሱ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሰምታችሁ የፈራችሁ ካላችሁ፣ ፍርሃቱን ትታችሁ እዚያ ገጽ ላይ ቆዩ።

በመጨረሻ ፒኤች፣ የአሲድነት መለኪያው። አንድ ቁጥር ዝቅ ሲል አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ፒኤች 5 ከፒኤች 7 መቶ እጥፍ አሲድ ነው እንጂ ሁለት እጥፍ አይደለም። 10 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ተጨምሮበት አንድ ሊትር ከሆነ 0.001 ሞላር ይሆናል፣ ፒኤች 3። እስከዚህ ሁሉም ይሠራዋል። «የ10⁻⁸ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው?» ሲባል ግን ፎርሙላው ዘሎ «8» ያስብላል። አሲድ ጠብ አድርጋችሁበት ውሃው እንዴት ቤዝ ይሆናል? ውሃው ራሱ 10⁻⁷ ሞላር የሃይድሮጅን አዮን አለው፣ ከአሲዱ የሚበልጠው እሱ ነው። መልሱ ከ7 ትንሽ ዝቅ ይላል፣ 6.98 ገደማ። ምርጫው ውስጥ «8» መኖሩ አይቀርም።