ሮዝ ዱቄት ጠብቆ ቡናማ ጭቃ ላገኘው ወንድሜ

እንደጻፍክልኝ ያጋጠመህ ይሄ ነው። ከምናለሽ ተራ የገዛሃቸውን አሮጌ ሃርድ ዲስኮች ፈታትተህ 200 ግራም ማግኔት አወጣህ። በባትሪ አሲድ ዘፍዝፈህ ከድነኸው ሲያድር ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ጓደኛህ "ያፈጥነዋል" ብሎ ፔሮክሳይድ ጨመረ፤ ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነሰበት። ሮዝ የኒዮዲሚየም (ማግኔቱን ኃይለኛ የሚያደርገው ብረታማ ንጥረ ነገር) ዱቄት ስትጠብቅ ባልዲው ቡናማ ጭቃ ሞላ።

"ፔሮክሳይድ" የምትለዋን ቃል ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የተበላሸብህ ብረቱ ነው። ኒዮዲሚየሙ አልጠፋም፤ ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይሄን ከያዝክ ሌላው ይቀልልሃል። የሃርድ ዲስክ ማግኔት ሁለት ሦስተኛው ያህል ብረት ነው። ኒዮዲሚየምና ዘመዶቹ 30 በመቶ ገደማ ናቸው። ብረት አሲድ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አረንጓዴው ታጋሽ ነው፤ አሲዱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ሟሙቶ ይቆያል። ቡናማው ግን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 3 ሳይደርስ መዝቀጥ ይጀምራል። አረንጓዴውን ወደ ቡናማ የሚለውጡት አየርና ፔሮክሳይድ ናቸው። ከዚያ ሶዳው አሲዱን ሲገድለው ቡናማው ጭቃ ሆኖ ይወርዳል፤ ኒዮዲሚየሙንም ይዞት ይሰምጣል። አየህ፣ የዚህ ሥራ ቁልፍ ብረቱን አረንጓዴ አድርጎ ማቆየት ነው። ፔሮክሳይድ ጨምር የሚል ሰው ይሄን አያውቅም።

ባልዲውን እንዳትደፋው። መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርግና የባትሪ አሲድ በትንሽ በትንሹ ጨምርበት፤ ሶዳው ስለሚገነፍል አትቸኩል። ቡናማው ሟሙቶ ከስር ሮዝ ዱቄት ከቀረ አትንካው፤ የምትፈልገው እሱን ነው። ከዚያ የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ክተትበት። ውሃው ተመልሶ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቅ፤ አንድ ቀንም ሊፈጅ ይችላል።

"ከድኜው አደረ" ያልከው ግን አስደንግጦኛል። ብረት በአሲድ ሲሟሟ ሃይድሮጅን ይለቃል። ከ100 ግራም ማግኔት ከ30 ሊትር በላይ ይወጣል። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ደጅ ላይ ሥራ፣ ክዳን አትግጠም፣ ሲጋራም ከሰልም አይቅረብ።

አረንጓዴ ሲሆን ሽቦውን አውጣ። አረፋው ሲያቆም ሁሉንም፣ ከስር የቀረውን ዱቄት ጨምሮ፣ ሙቀት ወደሚችል የመስታወት ዕቃ ገልብጥ። ዕቃውን ሌላ ቦታ ተፍልቶ በመጣ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው። አሁንም አትክደን፤ እሳት አጠገቡ አይኑር። አብዛኛው ጨው ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟል፤ የኒዮዲሚየምና የሶዲየም ጥምር ሰልፌት፣ ማለትም ያ ሮዝ ዱቄት፣ ግን ሲሞቅ ይዘቅጣል። ሶዲየሙን ያው የጓደኛህ ሶዳ አምጥቶልሃል፤ ካነሰ ሶዲየም ሰልፌት የሚባለውን ጨው ጨምር። ቡናማው አረንጓዴ ሳይሆን ብታሞቀው ግን ቢጫ ዝቃጭ ይወጣና እንደገና ትበሳጫለህ።

ሳይቀዘቅዝ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልለው። ስታጥበውም ሶዲየም ሰልፌት ባለበት ሙቅ ውሃ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ መልሶ ያሟሟዋል። ሲደርቅ አንዴ ፀሐይ ላይ፣ አንዴ በፍሎረሰንት መብራት እየው። ቀለሙ ከተለዋወጠ ኒዮዲሚየም ይዘሃል።

ለሚቀጥለው ማግኔቱን ከተጣበቀበት ብረት ሳታላቅቅ አትዘፍዝፍ፤ አሲድህን በከንቱ ይበላዋል። ከርካሽ ስፒከር የሚወጣውን ጥቁር ማግኔትም አትግዛ። እሱ ፌራይት ነው፤ ኒዮዲሚየም የለበትም። የተረፈውን አረንጓዴ ውሃ ቱቦ ውስጥ እንዳትደፋው፤ ከማግኔቱ ሽፋን የመጣ ኒኬል አለበት። ኖራ ጨምረህ አዝቅጠው፣ ዝቃጩንም ልጆች በማይደርሱበት ለይተህ አስቀምጠው።